ሆልደን ኮልፊልድ የቱ ጋ በስሏል? የቱ ጋ ጥሬ ነው?

ስለ ሆልደን ኮልፊልድ ወሬ በተነሳ ቁጥር የምሰማው ፍርድ አንድ ነው። ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ልጁን ልብ ብለው ያዩት አይመስለኝም። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩትም ለዚህ ነው።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጄ. ዲ. ሳሊንጀር «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ»ን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ሆልደን ታሪኩን ሲነግረን 17 ዓመቱ ነው፤ የሚያወራው ግን በ16 ዓመቱ ስላሳለፋቸው ጥቂት ቀናት ነው። ከያዛቸው አምስት ትምህርቶች አራቱን ወድቆ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ተባርሯል። የገና ሰሞን ነው። ኒው ዮርክ ይገባል፤ ቤቱ ግን አይሄድም። ሆቴል ይይዛል፣ ይጠጣል፣ ያጨሳል፣ ይዋሻል፣ ይደበደባል። ያገኘውን ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አስመሳይ ይለዋል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። የሆልደን ጥሬነት ውሸቱም፣ ስድቡም፣ መጠጡም አይደለም። ብስለቱም ሲጋራውና የሴት ወሬው አይደለም። ብስለቱ ሌላውን ሰው በሚያይበት ዓይን ላይ ነው። ጥሬነቱ ደግሞ የራሱን ሕመም ለማንም መንገር አለመቻሉ ላይ ነው። ለሰው ይደርሳል፤ ሰው እንዲደርስለት ግን አይፈቅድም።

ሻንጣዎቹን አስታውሱ። ቀድሞ በነበረበት ትምህርት ቤት ዲክ ስላግል ከሚባል ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይጋራ ነበር። የስላግል ሻንጣዎች ርካሽ ናቸው። ልጁ ስለሚያፍርባቸው መደርደሪያ ላይ አያስቀምጣቸውም፤ አልጋው ሥር ይከታቸዋል። የሆልደን ግን ከጥሩ ቆዳ የተሠሩ ናቸው። ሆልደን ነገሩ ሲገባው ምንም ሳይናገር የራሱንም አውርዶ አልጋው ሥር ያደርጋል፣ ልጁ እንዳይሸማቀቅ ብሎ። ስላግል ግን መልሶ ያወጣቸዋል፤ ለካ ሰው ሲያያቸው የእሱ እንዲመስሉት ፈልጎ ኖሯል። ሆልደን ይህም ሲገባው አይንቀውም። እንዲያውም ክፍል ከቀየሩ በኋላ ይናፍቀዋል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ስንት ትልቅ ሰው ጋ ታገኛላችሁ?

ይኸው ልጅ ኒው ዮርክ ከባቡር ሲወርድ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ስልክ መደወያ ክፍል መግባት ነው። አንድ በአንድ ሰው ያስባል። ለእያንዳንዱ ሰው የማይደውልበት ሰበብ ያገኛል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለማንም ሳይደውል ይወጣል። የእናንተን ሐሳብ ልስማ።

ምላሽ 1። የመጀመሪያዋ መላሽ በትሕትና ጀመረች። በሐሳቡ ተስማምታ ሁለቱን መነኮሳት ጨመረች። ሆልደን ቁርስ ቤት ያገኛቸዋል፤ ገንዘብ ሳይጠይቁት አሥር ዶላር ይሰጣቸዋል። ከሄዱ በኋላ የሚቆጨው መስጠቱ ሳይሆን ያነሰ መስጠቱ ነው። እሷ ያተኮረችው ግን ገንዘቡ ላይ አይደለም። የእነሱ ቁርስ ዳቦና ቡና ብቻ፣ የእሱ ደግሞ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ መሆኑ ይከነክነዋል፤ ልጁ ከማንም በፊት የሚያየው እንዲህ ያለውን ነው አለች።

ምላሽ 2። ቀጣዩ ሰው አልተዋጠለትም። የሆልደን አባት ጠበቃ ነው፤ አያቱ ዕድሜ ተጫጭኗት የልደት ገንዘብ በዓመት አራት ጊዜ ያህል ትልክለታለች። በሰው ገንዘብ መቸር ብስለት አይባልም፣ ብስለት ዋጋ ሲያስከፍል ነው የሚለየው ሲል ጻፈ። አነጋገሩ ጠንከር ይላል፤ ነጥቡ ግን ቦታውን አልሳተም። ልቦለዱ ራሱ ይህን አይደብቅም። የሻንጣው ታሪክ ግን የቸርነት ታሪክ አይደለም፤ ሆልደን እዚያ ላይ አንድም ሳንቲም አላወጣም። የሰው ኀፍረት ታይቶት ነው ያን ያደረገው።

ምላሽ 3። ይህን ብዙ ሰው ወዶታል። የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጎረምሶችን በማስተማር እንደሆነ ነገሩን። አንድ ተማሪ ነበራቸው፤ ከፈተና በፊት ለጓደኞቹ ትምህርቱን የሚያስረዳው እሱ ነው። ፈተናው ሲመጣ ግን ባዶ ወረቀት ያስረክባል። ጠርተው ሲጠይቁት፣ መምህሯ እንዳያዝኑ እሱ ራሱ ያጽናናቸው ጀመር። ከዚያ ወደ ሆልደን የታሪክ ፈተና ወሰዱን። ልጁ ስለ ጥንት ግብጻውያን ጥቂት መስመር ጭሮ ከሥሩ ለመምህር ስፔንሰር ማስታወሻ ይጽፋል። ቢጥሉት እንደማይከፋው፣ ለነገሩ ከእንግሊዝኛ በቀር ሁሉንም እየወደቀ እንደሆነ ይነግራቸዋል። መምህሯ ይህን ማስታወሻ ሲያነቡት ሁለት ነገር አብሮ ታያቸው። አንደኛው፣ የሽማግሌ መምህሩ ስሜት እንዳይጎዳ መጨነቁ ነው። ሁለተኛው፣ ገና እጅ ሳይዘረጋለት በሩን መዝጋቱ ነው። ሁለቱም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ናቸው። እኔ ሁለት ቦታ ከፍዬ ያስቀመጥኩትን እርሳቸው አንድ ቦታ አሳዩኝ። ከዚህ በኋላ ክሩ በሙሉ የቆመው በእርሳቸው ምላሽ ላይ ነው ማለት እችላለሁ።

ምላሽ 4 አጭር ናት። ሆልደን ራሱ አንዳንዴ እንደ 12 ወይም 13 ዓመት ልጅ እንደሚሆን፣ አንዳንዴ ደግሞ ከዕድሜው በላይ እንደሚሆን ነግሮናል፤ ከራሱ በአንዱ ጎን ሽበት አለው። ሁለተኛውን ግን ሰው ልብ አይልለትም ብሎ ያማርራል። መላሿ ይህን አስታውሳ ሄደች።

ምላሽ 5። አንዱ ነገሩን ወደ ሳይንስ ወሰደው። ከግንባር በስተኋላ ያለው፣ ስሜትን የሚገታውና ነገን የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እድገቱን አይጨርስም አለ። የላውረንስ ስታይንበርግንም ሙከራ ጠቀሰ። ጎረምሶች በኮምፒውተር ላይ የመኪና መንዳት ጨዋታ ሲጫወቱ፣ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ካሉ ብቻቸውን ከሆኑበት ጊዜ ይልቅ በጣም ይደፍራሉ። ሐሳቡን አከብራለሁ፤ ሆልደን ላይ ግን በልኩ አይገጥምም። ይህ ልጅ የሚብስበት እኩዮቹ ሲከቡት አይደለም። ሌሊት ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ተደብድቦ ብቻውን ሲቀር ነው በመስኮት መዝለል የሚያምረው።

ምላሽ 6 ከዚያ ተነስቶ ወደ ሕግ ገባ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሮፐር እና ሲሞንስ በተባለው ጉዳይ ላይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ከ18 ዓመት በታች ሳለ ወንጀል የሠራ ሰው በሞት እንዳይቀጣ ወስኗል። ምክንያቶቹ ሦስት ነበሩ። ጎረምሳ ኃላፊነት የሚሰማው ገና በልኩ አይደለም። የውጭ ግፊት ቶሎ ይጥለዋል። ጠባዩም ገና ቅርጽ አልያዘም። መላሹ ሦስተኛውን አጥብቆ ያዘ። ጠባዩ ያልረጋን ልጅ እንዲህ ነው ብለን መደምደም ራሱ ስህተት ነው ባይ ነው።

ምላሽ 7 ቱግ አለች። ልጁ የችሎት ፋይል አይደለም፣ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ ስትል ጻፈች። ሳይንስና ሕግ መጥቀስ የሚቀናው ሰው ልቦለዱን እንዳላነበበው ይሰማኛል ብላም አከለች። ምላሽ 8 የ6ኛው ሰው ነው፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ ብሎ ተከራከረ። ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ ተነካከሱ። ያን አልፈዋለሁ።

ምላሽ 9። እዚህ ላይ የሁሉም ድምፅ ተለወጠ። ጸሐፊው በልጅነቱ ታናሽ ወንድሙን በሕመም ያጣ ሰው ነው። ስለ አሊ የጻፈው ረጅም ነው። የሆልደን ወንድም አሊ በሉኪሚያ የሞተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 1946 ነው፤ 11 ዓመቱ ነበር። ሆልደን 13። የዚያን ዕለት ሌሊት ሆልደን ጋራዥ ውስጥ አድሮ መስኮቶቹን በሙሉ በቡጢ ሰባበራቸው። እጁ ስለተጎዳ ሆስፒታል ገባ፤ በዚህ የተነሳ ቀብሩ ላይ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እጁን በደንብ መጨበጥ አይችልም፤ ዝናብ ሲሆን ይጠዘጥዘዋል። ጸሐፊው ስለ ራሱ የነገረን ጥቂት ነው። እሱም ወንድሙ ሲቀበር አልተወሰደም፤ ልጅ ነው ተብሎ ጎረቤት ተተወ። ትልልቆቹ ተላቅሰው፣ ተጽናንተው ሲመለሱ እሱ ገና አልጀመረም ነበር። ስለዚህ ሰው ሆልደንን ጥሬ ሲለው ይከፋዋል። ልጁ 13 ዓመቱ ላይ የቆመው ማደግ ጠልቶ ሳይሆን የሚያለቅስበት ቦታ አጥቶ ነው አለ።

ቀጥሎ ያነሳው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። መጨረሻ አካባቢ ሆልደን ፊፍዝ አቬኑ ላይ ሲሄድ መንገድ ለመሻገር ከእግረኛ መንገዱ በወረደ ቁጥር ሰምጦ የሚጠፋ ይመስለዋል። ያልበዋል። ከዚያ ጮክ ብሎ ከአሊ ጋር ማውራት ይጀምራል። እንዳልጠፋ አድርገኝ እያለ ይለምነዋል። ማዶ ሲደርስ ያመሰግነዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ የመነሻ ሐሳቤ ይበልጥ ጠበቀ። ሆልደን እርዳታ መለመን ያውቅበታል። የሚለምነው ግን የሞተን የ11 ዓመት ልጅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህ ልጅ ግን አልደበቀም። የማይመልስለት ሰው ጋ ወስዶ ነገረ እንጂ።

ምላሽ 10 ይህን ሁሉ ሆደ ባሻነት አለችው። ሐዘን የብልግና ፈቃድ አይደለም በማለት ሆልደን ኒው ዮርክ ውስጥ ቀጥሮ ያገኛትን ልጅ፣ ሳሊ ሄይስን አስታወሰችን። ሆልደን የበረዶ መንሸራተቻው ቦታ ቁጭ ብለው ሳሉ፣ ባንክ ያለኝን 180 ዶላር አውጥተን ማሳቹሴትስና ቨርሞንት እንጥፋ ይላታል። ሳሊ ሁለታችንም ገና ልጆች ነን፣ ገንዘቡ ሲያልቅስ ሥራ ባታገኝ በረሃብ ማለቃችን ነው ትለዋለች። እሱ ክፉኛ ይሰድባታል፤ እሷ ታለቅሳለች፤ ይቅርታ ሲለምናት ቆይቶ ደግሞ ይስቃል። መላሿ ጥያቄዋን ወረወረች፦ እዚህ ትዕይንት ላይ የበሰለችው ማን ናት? ሆልደን አስመሳይ ስላላት ብቻ አንባቢው ሁሉ ሳሊን ይንቃታል፤ እውነቱን የተናገረችው ግን እሷ ናት። ቃሏ መረር ቢልም ይህን ማንሳቷ በጣም ጠቅሟል። ሰውን የሚያይበት ዓይን ብዬ ያወደስኩት ነገር ሳሊ ጋ ሲደርስ ይጨልማል። ለደካማው፣ ለተሸማቀቀው፣ ለሕፃኑ ዓይን አለው። ለሚሞግተው እኩያው የለውም።

ምላሽ 11 ነገሩን ሊዘጋው ሞከረ። ሆልደን ሌሊት ቤቱ የሄደበትን የቀድሞ መምህሩን የአንቶሊኒን ምክር አመጣ፤ ያልበሰለ ሰው ለአንድ ዓላማ በክብር መሞት ይሻል፣ የበሰለ ሰው ግን ለዚያው ዓላማ በትሕትና መኖር ይሻል የሚለውን። ሳሊንጀር መልሱን እዚያው አስቀምጦታል፣ ምን ያከራክራል አለ።

ምላሽ 12 በቁጣ ሳይሆን በጥንቃቄ አረመው። ሐሳቡ የሳሊንጀር አይደለም፤ አንቶሊኒም የራሴ ነው አላለም። ቪልሄልም ሽቴከል የሚባል የሥነ ልቦና ሐኪም ሐሳብ ነው ብሎ በወረቀት ጽፎ ለልጁ ሰጠው። ከዚያ ትዕይንቱን በቅርብ አሳየን። ሌሊት ነው። አንቶሊኒ እየጠጣ ይመክራል። ሆልደን እንቅልፉ መጥቶ ያዛጋል። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ከእንቅልፉ ሲባንን ሰውየው ጨለማ ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጦ የልጁን ጭንቅላት ሲዳብስ ያገኘዋል፤ በድንጋጤ ልብሱን ለባብሶ ይወጣል። ስለ ብስለት የሚመክረው ትልቅ ሰው የልጁን እምነት መሸከም አልቻለም ማለት ነው። የምላሽ 12 ጸሐፊ ግን እዚህ አላቆመም። ሆልደን ጣቢያ ወንበር ላይ አድሮ ሲነሳ፣ ፈርጄበት ይሆን እንዴ፣ ያን ሌሊት በሩን የከፈተልኝ እኮ እሱ ነው እያለ ማሰብ ይጀምራል። መልስ አያገኝለትም። ወረቀቱ ላይ ካለው አባባል ይልቅ ይህን ጥርጣሬ ነው ብስለት የምለው ብሎ ጻፈ። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ሰውን ሁሉ በአንድ ቃል የሚፈርጅ ልጅ የገዛ ፍርዱን መልሶ ሲመረምር ያየሁት እዚያ ነው።

ምላሽ 13። የአንዲት ወጣት አንባቢ ነው። እስካሁን ሁላችሁም ፊቢን ረሳችኋት ብላ ጀመረች። ሆልደን በድብቅ ቤት ገብቶ የ10 ዓመት እህቱን ይቀሰቅሳታል፤ ሊሄድ ሲል ገንዘብ እንዳላት ይጠይቃታል። ፊቢ ለገና ያጠራቀመችውን አውጥታ ትሰጠዋለች። መጀመሪያ 8 ዶላር ከ85 ሳንቲም ትልና ትንሽ እንዳጠፋች ትዝ ሲላት 65 ብላ ታርማለች። ያኔ ሆልደን ማልቀስ ይጀምራል፤ ማቆም ያቅተዋል። ልጁ ለስምንት ዶላር ለምን እንዲህ አለቀሰ? የእሷ መልስ፣ ያኔ ከአንድ በሕይወት ካለ ሰው እርዳታ ስለተቀበለ ነው የሚል ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ትልቁ እርምጃው ይህ ነው አለች።

ምላሽ 14 ደስታዋን ሊነጥቃት መጣ። ተቀበለ? በማግስቱ እኮ ትምህርት ቤቷ ሄዶ፣ ገንዘቧን ሊመልስላት ሙዚየም በር ላይ እንድታገኘው ማስታወሻ ትቶላታል። ወስዶ ለመመለስ የሚቸኩል ሰው ተቀበለ አይባልም አለ። መጽሐፉን ደግማ እንድታነብ የመከረበት አነጋገር ግን ትንሽ ሻካራ ነበር።

ምላሽ 15 ለልጅቷ ደረሰላት። የጻፉት የምላሽ 3 መምህር ናቸው። ወንድሜ እርስዎም ትንሽ ገጽ ወደፊት ይሂዱ ብለው በአክብሮት ጀመሩ። ፈረሶቹ የሚዞሩበት የልጆች መጫወቻ ጋ ሲደርሱ ሆልደን የቀረውን ገንዘብ ይሰጣታል። ፊቢ ለእኔ አንተ ያዝልኝ ትለዋለች፤ ቀጥላም እባክህ ትላለች። እሱ ይህን መስማት ከባድ እንደሆነ ይነግረናል። ግን ገንዘቡን መልሶ ኪሱ ይከታል። መምህሯ ሁሉም ሰው እዚህ ቦታ የሚያወራው ልጆቹ ፈረሶቹ ላይ ሆነው እየዞሩ የጨዋታውን የወርቅ ቀለበት ለመያዝ ሲንጠራሩ ሆልደን ቢወድቁም ይውደቁ ብሎ ስለ መተዉ ነው፤ ኪሱን ግን ማንም አያይለትም አሉ። የምላሽ 14 ሰው ወዲያው አመሰገናቸው። ልጅቷንም ይቅርታ ጠየቃት።

እኔ ለዚህ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጆቹ ይውደቁ ብሎ መተው ለሌላው ሰው የሚደረግ ነው። ሆልደን ለሌላው ማድረግን ከመጀመሪያውም ያውቅበታል፤ እዚያ ላይ ያደገው አያያዙ ነው፣ አጥብቆ ከመያዝ ወደ መልቀቅ። ገንዘቡን ኪስ መክተት ግን ከዚያ በፊት ፈጽሞ የማይችለው ነገር ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ ይበልጥ የምቆጥርለት ኪሱን ነው።

ምላሽ 16 የማርክ ትዌይን ልቦለድ ባለታሪክ የሆነውን ልጅ፣ ሃክልቤሪ ፊንን አመጣ። ሃክ ከባርነት ያመለጠውን ጂምን አሳልፎ የሚሰጠውን ደብዳቤ ሲቀድ ሲኦል የሚገባ መስሎት ነው፤ ተሳስቼ ይሆናል ብሎ እያመነ ትክክለኛውን ያደርጋል። ከሆልደን በዕድሜ ያንሳል፤ ግን ይበልጠዋል የሚል ነው ክርክሩ። ምላሽ 17 ማወዳደሩን ተቃወመች። የሃክ ችግር ዓለም ያስተማረው ሐሰት ነው፣ የሆልደን ችግር ግን የሞተ ወንድም ነው፤ አንዱን በሌላው ሚዛን መለካት ለሁለቱም አይበጅም አለች። ሃክ የራሱ ክር ይገባዋል፤ የሚከፍት ካለ እሳተፋለሁ።

ምላሽ 18 ከምላሽ 2 ሰውዬ ነው። አሁንም አልለሰለሰም። መጨረሻ ላይ ሆልደን ታሞ ባረፈበት ቦታ ያለው የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ትምህርት ቤት ስትመለስ ትተጋለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ሆልደን ሳያደርጉት እንዴት ይታወቃል ብሎ ጥያቄውን የማይረባ ይለዋል። ይህ ያው የድሮው ሽሽት ነው፤ የበሰለ ሰው ቃል ይገባል አለ።

በዚህ ከእሱ ጋር አልስማማም። ሆልደን መጽሐፉን ሙሉ ቃል ሲገባ ነው የኖረው። ለስፔንሰር ደህና እሆናለሁ ብሏል፣ ለአንቶሊኒ ሻንጣዎቼን ይዤ እመለሳለሁ ብሏል፣ ለሳሊ የጎጆ ኑሮ ዘርግቶላታል። አንዱንም አላደረገውም። አሁን የሚጠይቀው ሰው ደስ የሚለውን መልስ ይጠብቃል፤ እሱ ግን አላውቅም ይለዋል። ለምላሽ 2 ሰው የጻፍኩለት ይህንኑ ነው። እስካሁን አልመለሰልኝም።